የአንጥረኛው ሥራ በቴሌቪዥን መስኮት

የቴሌቪዥን ካሜራ እሳት ይወዳል። አንጥረኛ ስቱዲዮ ገብቶ ሙያውን ሲያሳይ በመጀመሪያ የሚታየው ነበልባሉ፣ ቀጥሎ እንደ ጠብታ የሚድቦለቦለው የቀለጠ ብር፣ በመጨረሻም ጥቁር ጨርቅ ላይ የሚያብረቀርቀው ጉትቻ ነው። በመሐል ያለው ረጅም ልፋት ተቆርጦ ይወጣል። ሥራው የሚመዘነው ግን በዚያው በተቆረጠው ክፍል ነው።

ሚዛን ተፈሪና ቴፒ ላይ ጌጥን መመዘን ለጨዋታ ብቻ የሚሆን ዕውቀት አይደለም። ቡና ተሽጦ ገንዘብ እጅ ሲገባ፣ የጥር ሠርግም ሲቃረብ፣ ወርቅ ቤት የሚያዘወትረው ሰው ይበዛል።

ብየዳውን የሚያስተውል ተመልካች ብዙ ይማራል። ብር በ961 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ መበየጃው ደግሞ ከዚያ ባነሰ ሙቀት መቅለጥ አለበት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ነው። እሳቱ ጥቂት ካለፈ ከፀጉር ጥቂት የሚወፍረው የጌጡ ሽቦ ተሰብስቦ እንክብል ይሆናል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው ነበልባሉን አንድ ቦታ አይተክልም፤ ጌጡን ዙሪያውን እኩል ያሞቃል፤ መበየጃው ወደሚሞቀው ቦታ ይፈሳልና። ሙቀቱን የሚያውቀው በብሩ የፍም ቀለም ነው። ለዚህም ነው አንጥረኞች ጥላ ያለበት ቦታ የሚመርጡት። የስቱዲዮ መብራት ይህን ምልክት ያጠፋዋል! እንግዳው «መብራቱን ቀንሱልኝ» ካለ፣ ወይም ለብየዳው የተቀባው ቦራክስ እንደ መስታወት ጠርቶ እስኪታይ ከታገሠ፣ ሙያው ያለው ሰው ነው።

ያለቀውን ጌጥ ካሜራው ሁልጊዜ ከፊት ያሳያል፤ ገዢ ግን ገልብጦ ይመልከት። ሁለት ክር ተገምዶ በተሠራ የሽቦ ጌጥ ላይ ግምዱ እስከ መጋጠሚያው ድረስ ጥርት ብሎ መታየት አለበት። መበየጃ ሞልቶት ድፍን ካለ እጅ ቸኩሏል።

በሰም የሚወጣ የአንገት መስቀል ሌላ መለኪያ አለው። ሰሙ ይቀረጻል፣ በሸክላ ይሸፈናል፣ ቀልጦ ይወጣል፣ ባዶው ቦታ ብር ይፈስበታል፤ ቅርጹም ይሰበራል። አንድ ቅርጽ አንድ መስቀል ብቻ ይወልዳል። ሁለት መስቀሎች እስከ ትንሿ ጭረት ድረስ ከተመሳሰሉ የአንድ ማባዣ ልጆች ናቸው። ከዚህ በመነሣት ግን ጠማማውን ሁሉ «የእጅ ሥራ ስለሆነ ነው» እያሉ መሸጥ ድፍረት ነው። ጎበዝ እጅ ቀጥ ያለ መስመር ያወጣል።

ስለ ብሩ ምንጭም ብዙ ይባላል። «የማርትሬዛ ብር ነው» የሚለው ቃል ዋጋ ያስጨምራል። ማርትሬዛ የተባለው የድሮ ሳንቲም 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ንጥረ ብሩ ከመቶ 83 ያህል ነው። ነገር ግን 1780 የሚለውን ዓመት እንደያዘ ከዚያ በኋላም ለረጅም ዘመን ታትሟል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ዕድሜውን አይነግርም። በማግኔት መፈተንም ለካሜራ ያምራል እንጂ ብረትን ብቻ ነው የሚያጋልጠው፤ ነሐስንም መዳብንም አይስብም።

ከሚዛን ወደ ማጂ በኩል፣ በሱሪና በመኤኒት ሕዝቦች ዘንድ፣ ጨሌ የራሱ ዳኝነት አለው። ቀለሙን ማንም ያያል። ክሩ በፍሬዎቹ መካከል ብቅ ካለ ወይም ቋጠሮው አንገት ከነካ ግን ሥራው ደካማ ነው።

ፕሮግራሙ ራሱም ለባለሙያው በሚሰጠው ክብር ይመዘናል። በቀድሞው የከፋ መንግሥት አንጥረኞቹ፣ ቀሞ የሚባሉት፣ ከሌላው ሕዝብ ተገልለው ይኖሩ ነበር። በሰሜንም ባለእጅ በቡዳነት ይታማ ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ይህን ታሪክ ለሚያውቅ፣ አቅራቢው የአንጥረኛውን ስም ሳይጠራ በጌጡ ብቻ ተደንቆ ሲያልፍ ደስ አይልም። ጥሩ አቅራቢ «ይህ ቢበላሽ እንዴት ታድነዋለህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱም ከነበልባሉ የበለጠ ያስተምራል።

ስርጭቱ አብዛኛውን ጊዜ ጌጡ ሲወለወል ያበቃል። መቆለፊያውን ማንም አያሳይም፤ ጌጥ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ግን በእሱ መላላት ነው። ወርቅ ቤት የገባ ሰው ደጋግሞ ይክፈተው፣ ይዝጋው። ካራቱንም ይጠይቅ፦ 18 ካራት ማለት ከመቶ 75፣ 21 ካራት ማለት 87.5 ንጹሕ ወርቅ ነው፤ ግራሙም ካራቱም ደረሰኙ ላይ ይጻፍ።