ትከሻ፣ ወገብ፣ ጠባሳ

የአከርካሪ መጣመምን የሚመረምር ባለሙያ ራጅ ከማዘዙ በፊት የሚተማመነው በዐይኑ ነው። ታዳጊዋ እግሯን ገጥማ፣ እጆቿን አንጠልጥላ ወደ ፊት ታጎነብሳለች፤ እሱ ከኋላዋ ቆሞ የጎን አጥንቶቿ በአንድ በኩል ጉብ ብለው እንደሆነ ያያል። በእንግሊዛዊው ሐኪም በዊልያም አዳምስ ስም የሚጠራው ይህ ፍተሻ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጣ ነው፤ መብራት በጠፋበት ክሊኒክም ይሠራል። ከዚያ ራጅ ይነሣና ጆን ኮብ እ.ኤ.አ. በ1948 ባስተዋወቀው ዘዴ ጥመቱ ይለካል። 10 ዲግሪ ሲደርስ ስኮሊዮሲስ ይባላል፤ 50 ገደማ ሲገባ የቀዶ ሕክምና ወሬ ይጀመራል።

ልጅቷን ግን የሚያስጨንቃት ዲግሪው አይደለም። ከፍ ያለ አንድ ትከሻ፣ በአንድ በኩል የገባ ወገብ፣ ወደ ጎን የሚሸሽ ቀሚስ ነው። 30 ዲግሪ ይዛ ከቤት መውጣት የምትጠላ አለች፤ 70 ይዛ እምብዛም የማይከብዳትም አለች። ይህን ልዩነት ለመያዝ የስኮሊዮሲስ ሐኪሞች ማኅበር 22 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አለው፤ ስለ እንቅስቃሴ፣ ስለ ሕመም፣ ስለ መልክ፣ ስለ መንፈስ ጤንነትና በሕክምናው ስለ መርካት ይጠይቃል።

መጠይቁ አገር ሲለውጥ መልሱም ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የጃፓንና የአሜሪካ ታካሚዎች ንጽጽር፣ ጃፓኖቹ ሕመም ያነሰባቸው፣ ስለ መልካቸው ግን ዝቅ ያለ ግምት የሚሰጡ እንደነበሩ አሳይቷል። ከዚህ ተነሥቶ «እነዚህ እንዲህ ናቸው፣ እነዚያ እንዲያ» ማለት ቀላል ነው። ችግሩ «ብሔር» ብለን በምንሞላው ሣጥን ውስጥ ልብስም፣ ሃይማኖትም፣ ኑሮም፣ አስተርጓሚውም አብረው መግባታቸው ነው።

ይህ በሞያሌ፣ በኬንያው ወገን፣ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቦረናው፣ ገብራው፣ ቡርጂው፣ ጋሪውና ሌላው ሶማሌ በአንድ ገበያ ይገናኛል፤ ኦሮምኛው፣ ሶማሊኛው፣ ስዋሂሊውና አማርኛው በአንድ ሱቅ ደጃፍ ይሰማል። መጠይቁ ታካሚዋን በልብስ ውስጥ ምን እንደምትመስል ይጠይቃል። ጅልባብ የለበሰች ልጅ «ደህና ነኝ» ብትል መልሷ እውነት ነው፤ ጅልባቡ ትከሻንም ወገብንም ይሸፍናል። ግን ሠርግ ቤት ከሴቶች ጋር ስትቀመጥ ድራ የሚባለውን ቀሚስ ለብሳ ነው፤ ድራ ደግሞ ስስ ነው። ለእሷ ትክክለኛው ጥያቄ የቱን ልብስ፣ በማን ፊት የሚለው ነው። ሸሚዟን ቀሚሷ ውስጥ ከትታ ትምህርት ቤት የምትሄደው የክፍል ጓደኛዋ ደግሞ በየማለዳው ወገቧን ለሁሉም ታሳያለች። ሁለቱ በብሔር አንድ ሊሆኑ ይችላሉ።

ከድንበሩ ወዲህ ያለው ታሪክ ሌላ ጎን አለው። አሜሪካዊው ሐኪም ሪክ ሆደስ በአዲስ አበባ በማዘር ቴሬዛ ድርጅት ሲሠራ የሚያያቸው ጀርባዎች ዘግይተው የመጡ ናቸው፤ አንዳንዱ ከ100 ዲግሪ ያለፈ፣ አንዳንዱም የአከርካሪ ቲቢ ያጎበጠው። ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከጋናዊው ቀዶ ሐኪም ከኦሄኔባ ቦአቺ-አጄ ጋር እየተባበረ ታካሚዎችን ወደ ጋና ሲልክ ቆይቷል። ከባድ ጥመት ያለባቸው እዚያ የራስ ቅላቸው ላይ የብረት ቀለበት ታስሮላቸው ለሳምንታት አከርካሪያቸው ቀስ እያለ ይሳባል። በዚህ ደረጃ መጀመሪያ የሚነሣው የትንፋሽ ጉዳይ ነው። ያም ሆኖ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቁመቱ ጨምሮ ሱሪው ያጠረበት ወጣት መጀመሪያ የሚሄደው ወደ መስታወት ቢሆን ማን ይፈርድበታል?

በዘር ሐረግ በኩል በእርግጥ ልዩነት የሚታይበት አንድ ነገር ጠባሳ ነው። የቀዶ ሕክምናው ቁስል ጀርባ ላይ ከላይ ወደ ታች ረጅም መስመር ይተዋል፤ ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ደግሞ ጠባሳው አብጦ የሚቀር ኬሎይድ የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ጥንቁቅ ባለሙያ የጆሮ ጉትቻዋን ያያል፤ ሲበሳ አብጦ እንደሆነ፣ እናቷም ላይ ደርሶ እንደሆነ ይጠይቃል። ጉብታዋን ለማጥፋት የመጣች ልጅ በምትኩ ምን ልትይዝ እንደምትችል አስቀድማ ማወቅ አለባት።

ከሞያሌ ናይሮቢም አዲስ አበባም ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃሉ። ቀዶ ሕክምና ዘንድ የሚደረሰው ዘመድ ተሰብስቦ፣ ገንዘብ ተዋጥቶ ነው፤ በዚህ ሁሉ ሰው መካከል «ጀርባሽ ያሳፍርሻል?» ቢባል መልስ የለም። እናት ስለ መውለድ ትጠይቃለች፤ አብዛኞቹ አከርካሪያቸው በብረት የተያዘ ሴቶች እንደሚወልዱ ሊነገራት ይገባል። ልጅቷን ደግሞ አንዲት ነርስ፣ ቋንቋዋን የምትችልና ዘመዷ ያልሆነች፣ ለብቻዋ ብታናግራት ይሻላል። ትከሻዬ እኩል ይሆናል ወይ ካለች፣ ቃል ሊገባላት አይቻልም፤ ጥመቱ በደንብ ተቃንቶም ትከሻ ሳይስተካከል የሚቀርበት ጊዜ አለ። ይህን መስማት ያለባት ጉዞው ከመጀመሩ በፊት ነው።