ለቲቲኤልኤም አዘጋጆች ምስጋና

ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ውስጥ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ የሚማር ወጣት የሚያነበው የስልጠና ጽሑፍ ብዙ ጊዜ የአንድ መምህር ሥራ አይደለም። ከተለያዩ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የተውጣጡ አሰልጣኞች አንድ ላይ ተቀምጠው ያዘጋጁት ነው። እንዲህ ያለው ጽሑፍ በሙያው ቋንቋ ቲቲኤልኤም ይባላል።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው ሀገራዊ የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ስልጠናውን በሙያ ደረጃ ላይ አቆመው። የሙያ ደረጃው ግን ሰልጣኙ ምን መሥራት መቻል እንዳለበት ይናገራል እንጂ እንዴት እንደሚማረው አይዘረዝርም። ያንን ክፍተት የሞሉት እነዚህ አሰልጣኞች ናቸው።

ጽሑፉን ገለጥ ብታደርጉት መጀመሪያ ማብራሪያው፣ ቀጥሎ ራስን መፈተሻ ጥያቄዎች፣ ከዚያ የአሠራር ቅደም ተከተሉ፣ በመጨረሻም የተግባር ፈተናው ይመጣል። በቅደም ተከተሉ ለምሳሌ መጀመሪያ ኃይሉ ይጠፋል፤ መጥፋቱ በቴስተር ይረጋገጣል፤ ሽቦው የሚላጠው ከዚህ በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ቅደም ተከተል የሚጽፍ ሰው የሰልጣኙን ሕይወት የሚያስብ ሰው ነው።

የኮሌጆች ወርክሾፕ እኩል አይደለም፤ የአንዱ ማሽን ሌላው ጋ የለም። በጋራ የተሠራ ጽሑፍ ግን በፒዲኤፍ ሆኖ በቴሌግራም ትንሹም ኮሌጅ ይደርሳል። ይህ ትብብር ባይኖር እያንዳንዱ አሰልጣኝ ብቻውን ከዜሮ ይጀምር ነበር፤ የሰልጣኙም ዕውቀት በደረሰው መምህር ዕድል ይወሰን ነበር። የሽፋን ገጹን እንኳ ብዙ ሰው ሳያየው ለሚሠሩት ለእነዚህ ባለሙያዎች ክብር ይገባቸዋል።