የትሬድሚል ፍሬን የተሠራው ለማን ነው?

ትሬድሚል ላይ የሚወጣ ሰው ልብሱ ላይ የሚሰካው ገመድ አለ። ሯጩ ወደ ኋላ ከተንሸራተተ ገመዱ የደህንነት ቁልፉን ይነቅለዋል፤ ሞተሩም ኃይል ያጣል። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን የሚያውቀው ላዩ ላይ ያለውን ሰው ብቻ ነው። ከማሽኑ ኋላ የሚድኸው ሕፃን ገመድ የለውም።

የአሜሪካው ፔሎተን «ትሬድ ፕላስ» በተባለው ማሽኑ የገጠመው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2021 የአገሪቱ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን፣ ትንንሽ ልጆች ወይም የቤት እንስሳት ያሉበት ቤት ማሽኑን መጠቀም እንዲያቆም አስጠነቀቀ። አንድ ሕፃን ሞቶ ነበር። ኩባንያው ማስጠንቀቂያው አሳሳች ነው ብሎ ተከራከረ። በሜይ ግን ወደ 125,000 የሚጠጉ ማሽኖችን ለመሰብሰብ ተስማማ፤ ዋና ሥራ አስፈጻሚውም ይቅርታ ጠየቁ።

ታዲያ ፍሬኑ ለምን ቶሎ አይዝም? በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ላይ ቀበቶው በሴኮንድ 4.4 ሜትር ይሄዳል። ኃይል ሲቋረጥ ሞተሩ በቅጽበት አይቆምም፤ የሚሽከረከሩት ክፍሎች ያከማቹት ጉልበት አለ። አንዳንድ ማሽኖች ሞተሩን ራሱን እንደ ጄኔሬተር ይጠቀሙበትና ጉልበቱን ወደ ሙቀት ይለውጡታል። በ2 ሴኮንድ ውስጥ እኩል እየቀነሰ ይቆማል እንበል። እስኪቆም ድረስ እኮ 4.4 ሜትር ቀበቶ ያልፋል! የሕፃን ክንድ ደግሞ ከዚህ በጣም ያጥራል። በቅጽበት ይቁም ካልን ደግሞ ሯጩ በፊቱ ይደፋል። ላይ ያለው ቀስ የሚል ፍሬን ይፈልጋል፤ ሥር የገባው ደግሞ ድንገተኛ። አንድ ፍሬን ሁለቱን አያድንም።

ስለዚህ መሠራት ያለበት ከፍሬኑ በፊት፣ ከኋላ በኩል ባለው ክፍተት ላይ ነው። ትሬድ ፕላስ ግን ወጥ ቀበቶ ሳይሆን ጎማ የለበሱ፣ ተራ በተራ የሚዞሩ ወፋፍራም ቁራጮች ነበሩት፤ ከወለሉም ከፍ ያለ ነው። የሊፍት በር እንኳ እጅ ሲነካው ተመልሶ ይከፈታል፤ ይህን የሚያህል ሞተር ያለው ማሽን ከኋላው ክፍት መሆኑ አይገባኝም።

ኩባንያው መጀመሪያ ያመጣው መፍትሔ ባለ 4 አሃዝ የሚስጥር ቁጥር ነበር። ማሽኑ ሳይሮጡበት 45 ሴኮንድ ከቆየ ይቆለፋል። ሥራ ለፈታ ማሽን ጥሩ ነው፤ ኮሚሽኑ ግን ወላጅ እየሮጠ ሳለ የደረሰ አደጋ እንዳለ ቀድሞውንም ተናግሮ ነበር። እየሮጠ ያለ ማሽንን የሚስጥር ቁጥር ምን ያደርገዋል? የኋላ መከለያው የመጣው በ2023 ነው፤ ኩባንያው ከ19 ሚሊዮን ዶላር በላይ ቅጣት በተጣለበት ዓመት።