የቦረና ቤትና የሚከደንበት ሣር

ስለ ኢትዮጵያ ሥነ ሕንፃ በተነሣ ቁጥር ቀድመው የሚጠቀሱት አክሱም፣ ላሊበላና ጎንደር ናቸው። መመዘኛው ድንጋይ፣ መለኪያውም ዘመን መሻገር ሆኖ ቆይቷል። የተልተሌ ጎረቤት የሆነው የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብም ጎልተው የታዩት የድንጋይ እርከኖቹና የመንደሮቹ ካቦች ነበሩ። ይህ መመዘኛ ግን ተልተሌንና የቀሩትን የቦረና ቆላዎች ለመመርመር አይበቃም፤ የቦረና ቤት ጥበቡ ለዘመናት በመቆሙ ሳይሆን በቀላሉ በመታደሱና በመነሣቱ ነውና።

ቤቱን የምትሠራው ሴቲቱ ናት። ቀጫጭን እንጨቶች ትተክላለች፤ ጫፋቸውን አጉብጣ ታገናኛለች፤ አስራም በሣር ትከድናለች። ሰፈሩ ሲነሣ የሚጠቅመው እንጨት ይወሰዳል፤ የቀረው አፈር ይሆናል። ጎርፋ የሚባለው የወተት ዕቃም የእርሷው የእጅ ሥራ ነው፤ ከዕፅ ሥር በሚወጣ ቃጫ ወተት እስከማያሳልፍ ድረስ ጠብቆ ይሰፋል፤ በጢስም ይታጠናል። በቤቱም ሆነ በዕቃው ላይ ያለ ሥራ የተቀመጠ ነገር የለም።

በየአገሩ «ባህላዊ» እየተባሉ የሚሠሩ ብዙ ሎጆች ክቡን ቅርጽና የሣር ክዳኑን ወስደው ግድግዳውን በብሎኬትና በሲሚንቶ ያቆማሉ። የተወሰደው መልኩ ብቻ ነው፤ መልኩን የወለደው ስሌት ቀርቷል። በመደርደሪያ ላይ ጌጥ የሆነ ጎርፋም ዕጣው ይኸው ነው።

በአንጻሩ ቆርቆሮን በጅምላ መንቀፍ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት በቀትር እንደ ምጣድ ይግላል። ሆኖም በአሸንዳው የዝናብ ውሃ ያጠራቅማል፤ ሣር የማጨድና ክዳን የማደስ ድካምንም ከሴቲቱ ትከሻ ያወርዳል። ውሃ ከሩቅ የምትቀዳ እናት ቆርቆሮን መውደዷ የባህል ክህደት አይደለም።

ከሁሉ በፊት የሚነሣው ጥያቄ ግን ሣሩ የት አለ የሚለው ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ ግጦሽን በእሳት የማደስ ልማድ በመንግሥት ከታገደ ወዲህ ቁጥቋጦ ሣሩን እየዋጠ መጥቷል፤ እገዳውም ከምክንያቶቹ አንዱ መሆኑን አጥኚዎች ደጋግመው ጽፈዋል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ደግሞ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው ከብቱ በብዛት አለቀ። ቤት የሚከድን ሣር ብርቅ ሆነ፤ ጎርፋም ወተት አጣ።

እንግዲህ ግጦሹን ረስቶ ቤቱን ለተፈጥሮ ተስማሚ ነው ብሎ ማወደስ ባዶ ውዳሴ ነው። ወደ ተልተሌ የሚወርድ አርክቴክት ወረቀቱን ከመዘርጋቱ በፊት መስኩን ይመልከት፤ ቤት ሠሪዋንም ይጠይቅ። የቆርቆሮውን አሸንዳ ከሣር ቤቱ ቅዝቃዜና ቀላልነት ጋር የሚያዋሕድ ሥራ የሚወለደው ከዚህ ምክክር ነው። ሣሩ ካልተመለሰ ግን የቦረና ቤት የሚቀረው በሥዕል ብቻ ይሆናል።