የትንሿ «ዴልቲክ» ልክና ጉድለት

ለመጻሕፍትና ለሥዕል ምርመራ በተለየው በዚህ ገጽ ላይ ስለ አንዲት የባቡር አምሳያ መጻፋችን አንዳንድ አንባብያንን ሳያስገርም አይቀርም። ነገር ግን አንድ ወዳጃችን ከእንግሊዝ አገር ሲመለስ ያመጣትን ይህችን ሥራ በጠረጴዛችን ላይ አኑረን ሁለት ሳምንት ያህል ከመረመርናት በኋላ፥ የልጅ መጫወቻ ናት ብሎ ማለፍ ፍርድ ማጓደል መስሎ ታየን። ሠሪዎቿ እውነተኛውን ነገር በትክክል መስለን ሠርተናል ይላሉ። እንዲህ ያለ ቃል የሰጠ ሁሉ፥ ሠዓሊም ይሁን ቀራፂ ወይም ባለፋብሪካ፥ መስሏል ወይስ አልመሰለም ተብሎ ሊጠየቅ ይገባዋል።

አስቀድመን ስለ ዋናው እንናገር፤ ዓመታቱንም የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልን። ዴልቲክ የተባለው በናፍታ የሚሠራ ሎኮሞቲቭ በ1961 እና በ1962 ለእንግሊዝ ምድር ባቡር ተሠርቶ የቀረበ ሲሆን፥ ቍጥሩ 22 ብቻ ነበር። የሠራው ኢንግሊሽ ኤሌክትሪክ የተባለው ኩባንያ ነው፤ ፋብሪካውም በኒውተን ለ ዊሎውስ የነበረው ቩልካን ፋውንድሪ ነው። ለንደንን ከኤዲንብራ በሚያገናኘው መሥመር ላይ እነዚህ 22ቱ የ55 የእንፋሎት ሎኮሞቲቮችን ሥራ ተረከቡ። እያንዳንዱ 3,300 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ በሰዓትም 160 ኪሎ ሜትር ይሮጥ ነበር።

ስሙን ያገኘው ከሞተሩ ነው። ናፒየር የተባለው ኩባንያ አስቀድሞ ለባሕር ኃይል ፈጣን ጀልባዎች ያዘጋጀው ይህ ሞተር፥ ሲሊንደሮቹ በሦስት ማዕዘን ስለ ተደረደሩ ዴልታ የተባለውን የግሪክ ፊደል ይመስላል። በአንዱ ሞተር 18 ሲሊንደሮች አሉ፤ በእያንዳንዱ ሲሊንደር ውስጥ ሁለት ፒስተኖች ፊት ለፊት ይገናኛሉ፤ በሦስቱም ማዕዘን ሦስት የክራንክ ዘንጎች ይዞራሉ። ንድፉ ሲጀመር የፒስተኖቹ እንቅስቃሴ አልገጥም ብሎ መሐንዲሶቹን ሲያስቸግር፥ በባሕር ኃይሉ የምርምር ክፍል የነበረው ፔንዋርደን ከሦስቱ ዘንጎች አንዱ ከሁለቱ በተቃራኒ ይዙር ብሎ መፍትሔ ሰጠ ይባላል። ከሦስቱ አንዱ ወደ ኋላ ሲዞር ሥራ የተቃናበት መሥሪያ ቤት እኛ እስከ ዛሬ አላጋጠመንም።

አሁን ወደ አምሳያዪቱ እንመለስ። የምታሳየው ቍጥሩ ዲ9015 የሆነውን፥ ቱልያር የሚባለውን ነው። ቱልያር በ1952 የእንግሊዝን ደርቢ ያሸነፈ ፈረስ ነበረ፤ በለንደኑ የፊንዝበሪ ፓርክ ዴፖ የተመደቡት ስምንቱ ዴልቲኮች በእሽቅድምድም ፈረሶች ስም ሲጠሩ፥ የቀሩት በጦር ክፍሎች ስም ተጠርተዋል። ዋናው ርዝመቱ ከ21 ሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ ትንሿ ግን 76 ጊዜ ስለምታንስ 278 ሚሊ ሜትር ያህል ናት። ከላይ ጥቁር አረንጓዴ፥ ከታች እንደ ሎሚ ልጣጭ ብሩህ አረንጓዴ ተቀብታለች። በጣራዋ ላይ ያለው የብረት ወንፊት በእውነት የተበሳ ስለሆነ፥ ብርሃን ሲያርፍበት ከሥሩ የማቀዝቀዣው ክንፎች ይታያሉ። የእጅ መያዣዎቹ ከመርፌ የቀጠኑ ሲሆኑ አንዳቸውም አልተጣመሙም። ከሁሉ በላይ ያስደሰተን ግን አፍንጫዋ ነው። የዴልቲክ ግርማ ያለው በዚያ ወፍራምና ክብ አፍንጫው፥ ከእርሱም በላይ እንደ ተቈጣ ሰው ዓይን በጠበቡት መስኮቶቹ ነው፤ ሠሪዎቹ በዚህ ላይ አንዲት ፀጕር ታህል ቢስቱ ኖሮ መልኩ ሌላ በሆነ ነበር። አልሳቱም።

እንግዲህ ወደ ጉድለቷ እንምጣ። ከጎን ስናያት እንዲህ ያማረችው፥ ከፊት ለፊት ስናያት እግሮቹን ገጥሞ እንደ ቆመ ወፍራም ሰው ሆነችብን። ምክንያቱን ስንመረምር እንዲህ ሆኖ አገኘነው። የእንግሊዝ ዋና ሐዲድ ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህን ለ76.2 ብናካፍለው 18.83 ሚሊ ሜትር ይወጣል። የትንሿ መንኰራኵሮች የሚሄዱበት ሐዲድ ግን 16.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ይህን ወደ ዋናው መጠን ብንመልሰው፥ ቱልያር አንድ ስንዝር ሊሞላ ጥቂት በቀረው ልክ በጠበበ ሐዲድ ላይ ቆመ ማለት ነው። የቀድሞውን የለገሃር ሐዲድ፥ ስፋቱ አንድ ሜትር የነበረውን፥ በ2016 ከተመረቀው ከአዲሱ የጅቡቲ ሐዲድ ጋር ያስተያየ ሰው፥ የሐዲድ ስፋት የባቡርን አቋም ምን ያህል እንደሚለውጥ ያውቃል።

ስሕተቱ የዛሬዎቹ ሠሪዎች አይደለም። በ1920ዎቹ የገበታ ላይ ባቡር መሥራት ሲጀመር፥ የእንግሊዝ ባቡር ድልድዮቹና ዋሻዎቹ ጠባቦች በመሆናቸው ሰውነቱ ከሌላው አውሮፓ ባቡር ያነሰ ነበርና፥ የዚያን ጊዜው ሞተር በውስጡ አልገባ አለ። ስለዚህ ሰውነቱን ጥቂት አሳድገው ሐዲዱን እንደ ነበረ ተዉት። ቀጥሎ የመጣው የቀደመውን ተከተለ፤ ገዢውም ቤቱ ባለው ሐዲድ ላይ የማይሄድ ባቡር አልገዛም አለ። አንድ ጊዜ በስሕተት መዝገብ ውስጥ የገባ ደብዳቤ ለኋለኞቹ ደብዳቤዎች ሁሉ ማመሳከሪያ እንደሚሆን፥ ይህም እንዲሁ ሆነ። ልኩን እንጠብቅ ያሉ ሰዎች አልጠፉም፤ በ1960ዎቹ 18.83 ሚሊ ሜትሩን ይዘው የተነሡ ማኅበርተኞች አሉ፤ ነገር ግን መንኰራኵሩንም ሐዲዱንም በገዛ እጃቸው መሥራት ግድ ሆነባቸው። የዛሬዎቹን ሠሪዎች የምንወቅሳቸው ስለ አንድ ነገር ነው፤ የገዢ ዓይን በሚያርፍበት በጎኗ በኩል የአንዲት ብሎን ልክ እንኳ ሳይቀር ሲጠነቀቁ፥ ባቡር ሁሉ የሚቆምበትን ነገር ግን ልማድ ነው ብለው አለፉት።

ብዙዎች የሚነቅፉትን ሞተሯን ግን እኛ አንነቅፍም። ዋናው በናፍታ ሲሠራ ትንሿ በኤሌክትሪክ መሥራቷ ማታለል ነው ይባላል። በእውነቱ ግን በዴልቲክ ውስጥ ናፍታው መንኰራኵሩን አያዞርም፤ ሁለቱ የናፒየር ሞተሮች ጄኔሬተሮችን ያዞራሉ፥ ከዚያ የሚወጣው ኤሌክትሪክ በስድስቱ አክስሎች ላይ ያሉትን ሞተሮች ያንቀሳቅሳል። እንግዲህ ትንሿ ቱልያር መንኰራኵሯን የሚያዞረው ያው የዋናው ኃይል ነው። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ አምሳያ፥ እሳትና ውሃ ሳይኖራት በኤሌክትሪክ እየሄደች ፒስተኗን የምታወዛውዘው፥ ከዚህ የበለጠ ትዋሻለች።

ድምፅዋ ሌላ ነገር ነው። በሆዷ ውስጥ አንዲት ትንሽ ድምፅ ማጉያ አለች፤ ሁለቱ ሞተሮች አንዱ ከሌላው በኋላ ሲነሡ የተቀዳውን ድምፅ ታሰማለች። ቅጂው የዋናው ነው፤ ነገር ግን ብረት ለ76 እንደሚካፈል ድምፅ አይካፈልም። ደረት የሚያናውጠው ጕርምርምታ እዚህ ደርሶ በጠርሙስ የተዘጋ ንብ ሆኗል። እኛ በሦስተኛው ቀን ዘጋነው፤ ዝም ስትል የበለጠ አማረችብን።

ከሐዲዱ ጥበት ይልቅ ያሳዘነን ግን የነጂው ክፍል ነው። በውስጡ መብራት አለ፤ መሪው፥ ፍሬኑ፥ ወንበሩ በየቀለማቸው ተቀብተዋል፤ ሰው የለም። ይህ ሎኮሞቲቭ በባዶ ወንበር ለአንዲት ሰዓት እንኳ ሐዲድ ላይ አልሮጠም። አዲሶቹ ፈጣን ባቡሮች መጥተው የዴልቲኮች ዘመን ወደ ማለቂያው በተቃረበበት በ1979፥ የፊንዝበሪ ፓርክ ሠራተኞች የእኛ መሆናቸው ይታወቅ ብለው የዴልቲኮቻቸውን የመስኮት ዙሪያ ነጭ ቀቡት። በጥር 2 ቀን 1982 የስንብት ጕዞ ሲደረግ ከለንደን እስከ ኤዲንብራ የሳበው ራሱ ቱልያር ነበር፤ መልሱን ሮያል ስኮትስ ግሬይ ሳበው። ሠሪዎቹ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የመረጡት ሎኮሞቲቩ ከፋብሪካ የወጣበትን ቀን ነው፤ ጣራዋ ጥቀርሻ የለበትም፥ አፍንጫዋም ዝናብና ነፍሳት አላረፈባትም። ምርጫቸው መብታቸው ነው፤ ግን 20 ዓመት የሠራን ነገር አንድ ቀን እንኳ እንዳልሠራ አድርጎ ማሳየት የመልኩን ግማሽ መተው መስሎ ይታየናል።

ወዳጃችን ሊወስዳት በመጣ ጊዜ በሐዲድ ላይ አስኬደልን። የዋናው ፍጥነት ለ76 ሲካፈል በሴኮንድ 59 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ይኸውም ሰው በዝግታ ሲራመድ ከሚሄደው ያነሰ ነው። እርሱ ግን እንደ ልማዱ በሦስት እጥፍ አስሮጣት። ልኩን ነግረነው ቀነሰው፤ ያን ጊዜ ባለ 100 ቶን ነገር የሚያልፍ መሰለን፥ ሦስታችንም ጠረጴዛው ላይ አጎንብሰን ዝም አልን። መንኰራኵሮቿን አውጥቶ በሰፋፊዎቹ ለመለወጥ እንዳሰበ ነግሮናል። አትቸኵል፥ አስቀድመህ ነጂ ፈልግላት ብለነዋል።