ቀላዱና አንቀጹ፦ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ጥያቄ ከቢቸናና ከሞጣ ሲታይ

በ1960 ዓ.ም. በጎጃም የቢቸናና የሞጣ አውራጃ ገበሬዎች በእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ላይ ሸፈቱ። ዐሥራትን አስቀርቶ በምርት ገቢ ላይ ግብር የጣለው ዐዋጅ፣ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በሚያዘው መሠረት በሁለቱ ምክር ቤቶች ክርክር ተደርጎበት የጸደቀ ነበር። ገበሬው ግን ገማች ወደ ማሳው ሲመጣ የታየው ቀላድ፣ የመሬት መለኪያው ገመድ፣ ነው። በደቡብ ቀላድ የተጣለበት መሬት እንዴት ከባለቤቱ እጅ እንደወጣ ሰምቷል፤ ጎጃምም በ1937 ዓ.ም. የመሬት ግብር ዐዋጅ ከለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ምደባ ውጪ ሆኖ በቀድሞ ግብሩ መቆየቱን ያውቃል። በርስት ቀልድ የለም። መንግሥት ጦር አዘመተ፤ በመጨረሻ ግን አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፣ ግብሩም በጠቅላይ ግዛቱ ሳይሠራበት ቀረ።

የታሪክ ምሁሩ ገብሩ ታረቀ ይህን አመፅ ከትግራይና ከባሌ አመፆች ጋር አነጻጽሮ በሰፊው አጥንቶታል። እዚህ ላነሣው የምፈልገው ሕገ መንግሥታዊ ትርጉሙን ነው። ዐዋጁ የወጣበት ሥርዓት የተሟላ ነበር፤ የጎደለው የባለጉዳዩ ስምምነት ነው። የፖለቲካ ፓርቲ በሌለበትና ንብረት የሌለው ሰው ለእጩነት በማይቀርብበት ምርጫ የተመረጠ እንደራሴ፣ የሞጣን ገበሬ ቃል ይዞ አዲስ አበባ መግባቱ ያጠራጥራል። ሕገ መንግሥቱም ራሱ የሚሻሻለው በሁለቱ ምክር ቤቶች የሦስት አራተኛ ድምፅና በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ነበር። ሕዝብ የሚጠየቅበት ቦታ አልነበረውም።

ከዚያ ወዲህ ሕገ መንግሥቶቻችን ተተኩ እንጂ እምብዛም አልተሻሻሉም። የ1948ቱን ደርግ በ1967 ዓ.ም. አገደው፤ በ1979 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው ከሥርዓቱ ጋር በ1983 ዓ.ም. ወደቀ፤ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ዛሬም ይሠራበታል። በዚህኛው ላይ የሚደረገው ክርክር በአንቀጽ 105 ዙሪያ ይሽከረከራል። የምዕራፍ ሦስት መብቶች የሚሻሻሉት ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በድምፅ ብልጫ፣ ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች ደግሞ በየፊናቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲያጸድቁ ነው። አንድ ክልል እንቢ ካለ ነገሩ ያበቃል። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው የሚለው አንቀጽ 40ም በዚሁ ምዕራፍ ውስጥ ይገኛል።

በእኔ እምነት ቁልፉ ያለው አንድ አንቀጽ ቀደም ብሎ ነው። አንቀጽ 104 ድጋፍ ያገኘ የማሻሻያ ሐሳብ ለሕዝቡና ማሻሻያው ለሚመለከታቸው ክፍሎች ለውይይትና ለውሳኔ እንዲቀርብ ያዝዛል። የቢቸናና የሞጣ ገበሬ በ1960 ዓ.ም. የተነፈገው ይህንኑ ነው። አንቀጹ ግን በተግባር ችላ ተብሏል። ስለ ጋራ ግብር የሚደነግገው አንቀጽ 98 እና የሕዝብ ቆጠራን በየዐሥር ዓመቱ የሚያዝዘው አንቀጽ 103(5) ተሻሽለዋል ቢባልም፣ ማሻሻያዎቹ በነጋሪት ጋዜጣ አልታወጁም። አንቀጽ 47 ዛሬም ዘጠኝ ክልሎችን ይዘረዝራል፤ ሲዳማን ጨምሮ አዳዲሶቹ ሲቆጠሩ ግን ዐሥራ ሁለት ደርሰናል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ምርጫው ሲራዘም፣ ማሻሻያ እንደ አንድ አማራጭ ቢነሣም የተመረጠው በፌዴሬሽን ምክር ቤት በኩል የሚሰጥ ትርጓሜ ነበር። ጽሑፉ በቆመበት ቆሞ አገሪቱ ተለውጣለች።

ከቃል ውጪ የሚመጣ ለውጥ ማሳ ድረስም ይወርዳል። አንቀጽ 40 ገበሬው ከይዞታው እንዳይነቀል ዋስትና ይሰጣል። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተካሄደው የመሬት ሽግሽግ ግን «ቢሮክራሲ» እና «የፊውዳል ቅሪት» የተባሉ ገበሬዎች ከአንድ ሄክታር በላይ እንዳይዙ ተደርጓል። የአንቀጹ አንዲት ፊደል አልተነካችም፤ ዋስትናው ግን ለእነዚያ ሰዎች ሌላ ትርጉም ያዘ።

ከዓመታት በኋላ ገመድ ወደ ምሥራቅ ጎጃም ማሳ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ የመጣው ለይዞታ ማረጋገጫ ነው። ልኬታው የተካሄደው በቀበሌው ሕዝብ በተመረጡ ሰዎች አማካይነት ነው፤ አዋሳኞች በድንበራቸው ቆመው «እስከዚህ የእኔ፣ ከዚህ ወዲያ የእሱ» ተባባሉ። በደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም ከነፎቶግራፋቸው ሰፈረ፣ አዋሳኞችም በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜን፣ በደቡብ ተጻፉ። በአባቶች ዘመን ያሸፈተው ልኬት በልጆች ዘመን ደብተር ሆኖ ሣጥን ውስጥ ተቀመጠ። ይህ የሆነው ባለጉዳዩ በቦታው ስለነበረ፣ የተጻፈውም በእጁ ስለገባ ነው።

ለሕገ መንግሥት ማሻሻያም ከዚህ ያነሰ መሥፈርት ሊኖረን አይገባም። አንቀጽ 104 «ለሕዝብ ይቅረብ» ይላል፤ በማን፣ የት፣ በምን ያህል ጊዜ እንደሚቀርብ ግን ዝርዝር ሥርዓት አላበጀም። የ105ን ድምፅ ከመቁጠር በፊት ይህ ሥርዓት በሕግ መደንገግ አለበት፤ የተሻሻለውም በነጋሪት ጋዜጣ ወጥቶ ሁሉም ሊያነበው ይገባል። ይህ ካልሆነ አገሪቱን በሙሉ ድንበርተኛው ባልቆመበት እየለካን ነው።