ባዶ የተባለው ተራራ
በስሜን የእግር ጉዞ ማስታወሻዎች ላይ የቀረበ አስተያየት

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን በእግራቸው የተጓዙ ጥንዶች የሚጽፉት የጉዞ ማስታወሻ ራሱን የቻለ የጽሑፍ ዘርፍ ለመሆን በቅቷል። መንገዱ አንድ ነው፤ ትረካውም እንዲሁ። ተጓዦቹ ከደባርቅ ይነሳሉ፤ በሳንቃበር፣ በግጭና በጨነቅ ድንኳን ውስጥ ያድራሉ፤ ጉልበት ያላቸው እስከ ራስ ዳሸን ይዘልቃሉ። ጭላዳ ሣር ሲነጭ፣ ዋልያ በገደል አፋፍ ላይ ቆሞ፣ ጅብራ ከጉም መካከል ብቅ ብሎ ያያሉ። በመጨረሻም ከሰው ርቀው እርስ በርሳቸው እንደተገናኙ ይነግሩናል።

እነዚህ ማስታወሻዎች ዋጋ የላቸውም ማለት አይቻልም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ አንዱ ትንፋሽ ሲያጥረው ሌላው ቆሞ መጠበቁ፣ ውርጭ በወረደበት ሌሊት አንድ ብርድ ልብስ መጋራት፣ በድካም ምክንያት ተኮራርፎ በማለዳ ጀምበር መታረቅ በሳሎን ወግ የማይገኝ የሰው ጠባይ ያሳያሉ። ችግሩ ያለው «ከሰው ርቀን» በሚለው ሐሳብ ላይ ነው። ጥንዶቹ ብቻቸውን አልነበሩም። ጠመንጃ የያዘ ስካውት ከፊታቸው ይሄዳል፤ በቅሎ ነጂው ጓዛቸውን ጭኖ ይቀድማል፤ ምግብ አብሳዩ እሳት ያነዳል። በማስታወሻው ውስጥ ግን ድንኳኑ ተተክሎ ይገኛል፤ ሻዩም ፈልቶ ይቀርባል። ተካዩና አፍዪው የሉም።

እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚሞክር ተርጓሚ ይህ ዝምታ ወዲያው ያስቸግረዋል። እንግሊዝኛ ታላቁንም ታናሹንም በአንድ ተውላጠ ስም ይጠራል፤ አማርኛ ግን ምርጫ ይጠይቃል። ሃያዎቹን ያላጋመሱት ተጓዦች ጠጉሩ የሸበተውን ስካውት «አንተ» ይበሉት ወይስ «እርስዎ»? የመጀመሪያው ተጓዦቹን ባለጌ ያደርጋቸዋል፤ ሁለተኛው በዋናው ጽሑፍ ያልታየ አክብሮት ይጨምርላቸዋል። ጸሐፊዎቹ ስለ ሰውየው ምን እንዳሰቡ ስላልጻፉ ተርጓሚው የሚመራበት ነገር የለውም።

የቦታው ስያሜም ከዚህ የቀለለ አይደለም። የሰው እጅ ያልነካው ተፈጥሮ ለማለት የሚጠቀሙበትን ቃል «በረሃ» ብንለው ቆላና ሙቀት ይታሰባል፤ «ምድረ በዳ» ብንለው ሕይወት የሌለበት ይመስላል፤ «ዱር» ይቀርባል፣ ግን ገብስ የሚታረስበትን፣ ከብት የሚሰማራበትን፣ ለቤት ክዳን ጓሳ የሚታጨድበትን ደጋ ማን ዱር ይለዋል? አማርኛ ቃሉን ያጣው ከድህነት አይደለም፤ ስሜንን ባዶ አድርጎ ስለማያውቀው ነው።

ቀደምት መጻሕፍት ከዚህ ይሻላሉ። አየርላንዳዊቷ ዴርቭላ መርፊ በ1968 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመችው «በኢትዮጵያ ከበቅሎ ጋር» ስሜንን ጨምሮ አገሩን ስታቋርጥ ከበቅሎዋ በቀር ቋሚ ጓደኛ አልነበራትም። ሆኖም በየጎጆው እያደረች ከጥንዶቹ ይልቅ ብዙ ሰው አግኝታለች። ከ1967 እስከ 1969 የፓርኩ የመጀመሪያ ዋርደን የነበረው ክላይቭ ኒኮል ደግሞ «ከአፍሪካ ጣሪያ» በተሰኘው መጽሐፉ ደን የሚመነጥረውንና ተዳፋት የሚያርሰውን ገበሬ ይከስሰዋል። ክሱ ሊያከራክር ይችላል፤ ገበሬው ግን በገጹ ላይ አለ፣ አንባቢም ሊፈርድለት ይችላል። በጥንዶቹ ማስታወሻ ግን ተከሳሽም አስተናጋጅም የለም።

ነገሩ የአጻጻፍ ጉድለት ብቻ ሆኖ አይቀርም። ፓርኩ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ተርታ ገባ። እርሻው፣ ግጦሹና ሰፈራው ከስጋቶቹ መካከል ነበሩ። በ2016 የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛወሩ፤ በ2017 ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ዋልያን ከመጥፋት ማዳን ተገቢ መሆኑን ማንም አይክድም። ለዚህ ሲባል ቀዬውን የለቀቀ ገበሬ መኖሩም እንዲሁ አይካድም። በግጭ ሜዳ ድንኳን ጥለው ስለ ጸጥታው የሚያደንቁ ጥንዶች ጸጥታው ከየት እንደመጣ ካልጠየቁ፣ አንባቢያቸው ተራራው ከጥንት ጀምሮ ባዶ እንደነበረ አምኖ ይቀራል።

ዛሬ ኢትዮጵያውያን ጥንዶችም ጫማቸውን አጥብቀው ወደ ስሜን ይወጣሉ፤ አንዳንዶቹም ይጽፋሉ። ፍቅሩንና ከዋክብቱን እንዲተዉ የሚጠይቃቸው የለም። ከስካውቱ፣ ከበቅሎ ነጂውና ከምግብ አብሳዩ ጋር በአንድ ቋንቋ መነጋገር ይችላሉ፤ ይህ ለብዙዎቹ የውጭ ተጓዦች ያልተሰጠ ዕድል ነው። በእሳቱ ዙሪያ የተቀመጠው ስካውት የየት መንደር ሰው እንደሆነ፣ ልጅ ሳለ ከብት የት ይጠብቅ እንደነበር ጠይቀው መልሱን ቢጽፉት፣ ማስታወሻቸው ከቀደሙት በአንድ እርምጃ ይልቃል።